የኅዳር ሃያ አንድ ሦስተኛ ምስክር

ጡረታ ያወጣኝ እርጅና አይደለም። እግሬ ይሄዳል፣ ዓይኔም በመነጽር ያያል፣ ጠመኔ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም። ጡረታ ያወጣችኝ ጽዮን የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ በስልኳ። እኔ ቁጭ ብዬ፣ የጣቴን አንጓ ቆጥሬ፣ መዝገብ ገልብጬ የማወጣውን ቀን እሷ አውራ ጣቷን ሁለቴ ነካ አድርጋ ታወጣዋለች። ስህተት አይገኝበትም። ልይዛት ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር፣ አልያዝኳትም። እናቷ ስንዱ ደግሞ ልጅቷ ገና በአንቀልባ ሳለች ነው የቀደመችኝ። እንግዲህ የሥራ ዘመኔ ታሪክ ማለት እናትና ልጅ በየተራ የቀደሙት ሰው ታሪክ ነው። ቅናት የሌለበት ትዝታ የሚፈልግ ሰው የሌላ ሰው ያንብብ።

ሥራዬን ለማያውቅ ልንገር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አዳራሽ አለ። በሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። እኔ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ «በዛሬው ቀን» ብዬ እዚያ ላይ እጽፋለሁ። ከአናቱ ቀኑን በሦስት ዓይነት አሰፍራለሁ፤ በኛ፣ በፈረንጁና በሂጅራው። ከሥሩ የዓለሙን፣ ቀጥሎ የአገራችንን፣ ከሁሉ በታች ደግሞ የኛን የገዳሪፍ ሰዎች ነገር እጽፋለሁ። ጳጉሜን 5 ሲሆን «የኛ ሰው በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ከኋላው ያስከተለበት ዕለት ነው» እላለሁ፤ ከግርጌው «ከኛ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የትራክተር መሪ የጨበጠው የአርማጭሆው ልጅም በዚሁ ቀን ነው» እላለሁ። ወደ ፋሽጋና ወደ ሀዋታ ለአረም የሚሄዱት ወጣቶች ሎሪ እስኪመጣ ድረስ እዚያ ቆመው ያነባሉ። ከአገሩ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠፋበት ቀን ነው። ጾሙን በኛ ይጾማል፣ ሥራውን በፈረንጁ ይቆጥራል፣ ከጎረቤቱ ጋር በሂጅራው ዒድ ይውላል፤ ዛሬ ምን እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለም።

ሥራ የጀመርኩት መተማ በአንድ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ነው። አለቃዬ ማኅተሙን ከኪሱ የማያወጣ ሰው ነበር፤ ከእሱ የተማርኩት መጠበቅን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ገላባት ተሻገርኩ፣ ከገላባትም ፋሽጋ ገብቼ በአንድ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ስም ጠሪ ሆንኩ። እርሻውን ባለቤቱን ተክቶ የሚያዘው ሰው ወኪል ይባላል። ወኪሉ «ዛሬ ኦክቶበር አሥራ አምስት ነው» ሲል፣ ሠራተኛው «ኧረ ጥቅምት አምስት ነው፣ አሥር ቀናችንን የት አደረግኸው?» ብሎ ማጭዱን ጥሎ ይነሣል። መካከል የምገባው እኔ ነበርኩ። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ጽፌ፣ እንጨት ላይ ሰቅዬ፣ ዳሱ በር ላይ ተከልኩት። ጠቡ በረደ። የመጀመሪያው ሰሌዳዬ ያ ነው። ሀዋታ ደግሞ አንድ ዓመት ሠራሁ፤ እዚያ የነበረው አለቃ ወረቀት አይወድም፣ ቀኑን በዝናብ ነበር የሚቆጥረው። ደሞዙ ለሻይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ገዳሪፍ ያገኘኋቸው የኔታ ጥበቡ ናቸው። የጭልጋ ሰው ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብን ከልጅነታቸው የተማሩ፣ ዓመቱን ሙሉ በጣታቸው አንጓ ላይ ይዘው የሚዞሩ። የማኅበሩን መዝገብና ሰሌዳውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ጠመኔውን በምላጭ ይቀርጹታል። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከግራ ወደ ቀኝ አይጠርጉም፤ «ጎን ለጎን ከጠረግህ የትናንቱ ከዛሬው ይለቀለቃል» ይላሉ። ጽፈው ሲጨርሱ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ድረስ ወደ ኋላ ሄደው ያዩታል። ከዚያ ንባብ የሚከብደውን አንዱን ሠራተኛ ጠርተው «እስቲ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» ይሉታል። ሰውየው ከተደናቀፈ የሚያርሙት እሱን አይደለም፤ ያጠፉና ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ይጽፉታል።

አንድ ሐምሌ 13 ቀን፣ በ1961 ሰው ጨረቃን የረገጠው በዚህ ዕለት ነው ብዬ ጻፍኩ። ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«በማን ሰዓት?» አሉኝ።

«እንዴት በማን ሰዓት?»

«መንኮራኩሯ ስታርፍ በኛ ገና አልተጋመሰም፣ ሌሊቱ። ሰውየው መሰላሉን ወርዶ እግሩን ሲያሳርፍ ግን እዚህ ሊነጋ ነው። ማረፏን የምትጽፍ ከሆነ 13 በል። እግሩን የምትጽፍ ከሆነ 14 ነው።»

አጠፋሁት። የምወዳቸውና የምበሳጭባቸው በአንድ ጊዜ ነበር።

ከሁሉ የጠበቀው ሕጋቸው ግን ስለ «የመጀመሪያ» ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ነኝ ማለት ይወዳል። «የመጀመሪያውን ወፍጮ የተከልኩ እኔ ነኝ»፣ «ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መጀመሪያ ያገባሁ እኔ ነኝ» የሚል በየቀኑ ይመጣል። የኔታ በመዝገቡ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ አንድ ያየ፣ አንድ የሚወድ፣ አንድ የሚመቀኝ፤ ሦስቱ ያልመሰከሩለት ሰሌዳ ላይ አይውጣ፣ መዝገቡ ሲገለበጥም አብሮ አይገልበጥ።

«የሚመቀኘው ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ያየ ሰው ይሳሳታል። የሚወድ ሰው ይጨምራል። ምቀኛ ግን እውነት ካልሆነ በቀር ምን ቢሉት አይፈርምም። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ልጄ።»

ሳቅሁ። ያ ሕግ አንድ ቀን ለእኔ የተጻፈ እንደሚሆን አላወቅሁም።

አሁን ወደ ስንዱ ልምጣ። ስንዱ በእህል ገበያው ሰሊጥ የምታበጥር ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ወንፊቱን እያዞረች፣ ገለባው ፊቷ ላይ እየተቀመጠ፣ ያለፈውን ሁሉ በዕለቱ ትናገራለች። የኔታ መዝገባቸውን ይዘው ይሄዱና «ስንዱ፣ ያ ወፍጮ የተተከለ መቼ ነበር?» ይሏታል።

«የአማኑኤል ማግስት ነዋ። ረቡዕ ነው፤ ያን ጊዜ ዝናቡ ቀድሞ የገባ ነው።»

የኔታ ጣታቸውን ይቆጥራሉ። አንጓ በአንጓ ሄደው ረቡዕ ላይ ይደርሱና «ልክ ነሽ» ይሏታል። ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ! እኔ ስንት ዓመት ስጽፍ «ልክ ነህ» ብለውኝ አያውቁም፤ ስሳሳት ያጠፋሉ፣ ካልተሳሳትኩ ዝም ይላሉ። አንዲት ወንፊት የያዘች ሴት በአፏ ያመጣችውን ግን ያመሰግኗታል። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬያለሁ፤ ስሙ ቅናት ነው። ሲያስጠሯትም «ዕለቱን ሳይሆን ቀኑን ነው የምንፈልገው» እያልኩ አጣጥላት ነበር።

እዚህ አገር ወረቀት ስናወጣ ሁላችንም የተወለድነው ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። ጸሐፊው የልደት ቀን ይጠይቃል፤ የኛ ሰው «በሰኔ ሚካኤል፣ የጤፉ ዓመት» ይላል፤ ጸሐፊው ይደክመውና አንድ በአንድ ብሎ ይጽፋል። በዓረብኛ «ዋሒድ ዋሒድ» ይሉታል። አባት ዋሒድ ዋሒድ፣ እናት ዋሒድ ዋሒድ፣ ልጆቹም ሁሉ እንደዚያው። ሱዳን ራሷ ነፃ የወጣችው በዚያው ቀን ስለሆነ የኔታ «መንግሥቱና ስደተኛው አብረው ልደት ያከብራሉ» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔን ግን አያስቀኝም። የሞቱብን ሰዎች እንኳ ቀን አላቸው፤ አርባቸው፣ ሰማንያቸው፣ ሙት ዓመታቸው ይቆጠራል። በሕይወት ያለነው ነን ቀን የሌለን። እናቴ በጥቅምት ጊዮርጊስ እንደወለደችኝ አውቃለሁ፤ ወረቀቴ ግን አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ምኞት ያዝኩ። ከኛ መካከል በእውነተኛ ቀኑ የልደት ወረቀት የሚጻፍለትን የመጀመሪያውን ሕፃን የማስገኘው እኔ ልሁን አልኩ። የኛ ሁለት ሺህ ዓመት የባተበት ዓመት ነበር። መስከረም 1 ቀን ሰሌዳውን በቀለም አሳምሬ «ሴፕቴምበር 12» ብዬ በትልቁ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዲስ ዓመት ብዙውን ጊዜ በፈረንጁ 11 ቀን ይውላል። ዘመነ ሉቃስ በስድስት ጳጉሜን ሲያልቅ ግን ተከትሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ በ12 ይገባል፤ ያች አንድ ቀን እስከ የካቲት ድረስ ሁሉንም ነገር ገፍታ ትሄዳለች። ይህን ጀማሪ የባሕረ ሐሳብ ተማሪም ያውቀዋል።

በዚያ መኸር የተወለዱ ሰባት ሕፃናት ነበሩ። የሰባቱን ቀን ከወላጆቻቸው ጠይቄ፣ ወደ ፈረንጁ መልሼ፣ በማኅበሩ ማኅተም ደብዳቤ ጻፍኩ። ሐኪም ቤት ወልዳ ካርድ የተሰጣት ስንዱ ብቻ ነበረች። ልጇ በኅዳር 21፣ በጽዮን ዕለት ስለተወለደች ስሟን ጽዮን አሏት። ኅዳር 21፣ ኖቬምበር 30 ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ለየኔታ አላሳየሁም። ካሳየኋቸው የእሳቸው ሥራ ይሆናል ብዬ ነው፤ የመጀመሪያ መሆን የፈለግሁት ብቻዬን ነበር።

የልደት ወረቀት የሚጽፈው ሰውየ ደብዳቤዬን ከካርዱ ጋር አስተያየው። ወፍራም መነጽር ነበረው። አውልቆ ጠረገውና መልሶ አደረገው።

«ያ ኡስታዝ፣» አለኝ መምህር ሆይ ለማለት፣ «ያንተ ወረቀት ኖቬምበር ሠላሳ ይላል። የሐኪም ቤቱ ዲሴምበር አንድ ይላል። ወሩ እንኳ አንድ አይደለም። ከሁለታችሁ የትኛው ነው የሚዋሸው?»

ያች አንድ ቀን! ሰሌዳ ላይ በቀለም ያሳመርኳትን አንድ ቀን ወረቀት ላይ ረሳኋት። ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ጨርሶ ነበር። «ኸላስ፣ አበቃ» አለና ሰባቱንም እየደራረበ ዋሒድ ዋሒድ ብሎ ጻፈባቸው። አንዱ ውሸት ከሆነ ሁሉም ውሸት ነው አለ። ሰባት ሕፃናት በእኔ እጅ ቀናቸውን አጡ።

ስንዱ ወረቀቷን ተቀብላ ዘቅዝቃ አየችው። «ምን ይላል፣ አያ ታከለ?»

«ጃንዋሪ አንድ።»

«የማን?»

«የጽዮን።»

«ጽዮንማ የተወለደች በጽዮን ነው» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ሄደች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን አላየሁም፤ ተነግሮኝ ነው። ስንዱ በማግስቱ ልጇን አዝላ ተመለሰችና ቢሮው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰውየው «ቡክራ፣ ነገ ነይ» አላት። «እሺ» ብላ አልተነሣችም። ዘበኛው መጣ፣ አልተነሣችም። ቢሮው ሲዘጋ ሄደች፣ ሲከፈት ቁጭ ብላ ተገኘች። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷን ሐጃ ዘይነብን ይዛ ገባች።

«እኔ ማንበብ አላውቅም፣» አለችው፣ «የተወለደች ቅዳሜ ነው። ገበያው ሞልቶ ወንፊቴን ጥዬ ነው የሄድኩ። አንተ በቀን መቁጠሪያህ ቁጠር፣ ሐጃም በዒዷ ትቁጠር።»

ሐጃ ዘይነብ «ወላሂ ለዒዱ አሥራ ስምንት ቀን ሲቀረው ነው፤ ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ» አለች። ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው ገና አልወረደም ነበር። ሰውየው ተነሥቶ ከዒዱ ወደ ኋላ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ቅዳሜ ሆነ፤ ዲሴምበር አንድ። መነጽሩን አውልቆ ሳቀ ይባላል። ወረቀቱን ቀደደና አዲስ ጻፈላት።

እኔ ከሰባቱ ወላጆች አንዱንም «ምን ቀን ነበር? ሰኞ? ማክሰኞ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ስንዱ ወይም ማንኛዋም እናት የምታውቀውን ዕለት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ስህተቴ ገና ከእጄ ሳይወጣ በተያዘ ነበር። የኔታ ሁልጊዜ ዕለቱን የሚያስቀድሙት ለዚህ ኖሯል። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። እኔ የተመኘሁትን ፊደል የማታውቅ ሴት ቁጭ ብላ ወሰደችው።

የኔታ ታሪኩን ሲሰሙ መዝገቡን ከፈቱ። በኅዳር 21 ገጽ ላይ አሰፈሩት። «ወረቀቱ የተጻፈው በጥር አይደለም?» ብላቸው፣ «ወረቀቱ ያስመለሰው ቀን ነው የሚጻፈው» አሉ። ያየ ምስክር፣ ሐጃ ዘይነብ፤ ጣቷን አተመች። የሚወድ ምስክር፣ የስንዱ ባል፤ ፈረመ። ሦስተኛው መስመር ባዶ ቀረ።

«ስንዱን የሚመቀኝ ሰው ፈልገህ አምጣ» አሉኝ።

ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ ገበያውን ዞርኩት። ሚዛን ያዦቹን፣ ሌሎቹን አበጣሪዎች፣ ጫኝና አውራጁን ሁሉ ጠየቅሁ። ስንዱን የሚጠላ ሰው ገዳሪፍ ውስጥ ጠፋ።

«የለም፣ የኔታ።»

«አንተስ?»

ብዕሩን ዘረጉልኝ።

«እኔ እዚያ አልነበርኩም። አላየሁም» አልኩ።

«ያየማ አለን። ካንተ የምፈልገው ማየቱን አይደለም።»

ብዕሩን አልተቀበልኳቸውም። አላስገደዱኝም። መዝገቡን ዘጉት፣ ሕጉ ስለሆነም የስንዱ ነገር ሰሌዳ ላይ ሳይወጣ ቀረ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። የስንዱን ዘዴ ወሰድኩት። ዕለቱን እየጠየቅሁ፣ ከዒድና ከገበያ ቀን ጋር እያመሳከርኩ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ፤ ያ ሰውየም መቀበል ጀመረ። የስድስቱንም ሕፃናት ቀን አስመለስኩ፣ ከእነሱ በኋላም የብዙ ልጆች። ወላጆች ይመርቁኝ ጀመር። ዓመታት ሲያልፉ «ይህን ነገር መጀመሪያ ያስገኘው ታከለ ነው» ተባለ። እኔ ነኝ አላልኩም። አይደለሁምም አላልኩም።

በዚያው በስህተቴ ዓመት፣ ነገሩ ስላንገበገበኝ፣ በመዝገቡ ያሉትን የዘመነ ዮሐንስ ቀኖች ሁሉ እንደገና ቆጠርኳቸው። ያኔ ነው አንድ ነገር ያገኘሁት። በአሜሪካ አንዲት ጥቁር ሴት በአውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ወንበሯን አልለቅም ያለችበት ቀን በፈረንጁ ዲሴምበር አንድ ነው፤ በኛ ደግሞ 1948 ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ ኅዳር 21። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እሱን ሆነ።

በየዓመቱም ስንዱ ትመጣለች። የጽዮንን በዓል አስቀድሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሰሌዳው ፊት ትቆማለች።

«አያ ታከለ፣ ዛሬ ምን ተባለ?»

አነብላታለሁ። ሴትዮዋ ከሥራ ስትመለስ እንደነበረ፣ ሾፌሩ ተነሽ እንዳላት፣ ፖሊስ እንደመጣ።

«ምን ያስነሣታል? ቀድማ ተቀምጣለች እኮ!» ትላለች። በየዓመቱ ይህንኑ ነው የምትል። ከዚያ ትንሽ ቆማ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች፤ ማንበብ እንደማትችል እያወቅሁ ያልበኛል። «በል ደህና ዋል» ብላ ትሄዳለች። ከባሕር ማዶ ያለችውን ሴት በአደባባይ እያሞገስኩ፣ እዚሁ ገዳሪፍ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችውን ቀበርኳት። አውቀው ነበር። እያወቅሁ አሥራ ሰባት ጊዜ አነበብኩላት።

የኔታ ያረፉት ከጦርነቱ በፊት ነው። ሲደክማቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። «ያን መስመር ሞላኸው?» አሉኝ። «እሞላዋለሁ» አልኳቸው። የጣታቸውን አንጓ አንድ ሁለት ብለው ቆጠሩና ተዉት። መዝገቡ ከዚያ ጀምሮ በእኔ እጅ ነው።

ጦርነቱ ሲነሣ ገዳሪፍ ከካርቱም በሸሸ ሰው ሞላች። አዳራሹን ለተፈናቀሉት ለቀቅንላቸው፤ ሰሌዳውን አውጥተን ኒሟ ሥር ሰቀልነው፣ አንድ አግዳሚም ከሥሩ አኖርን። ከኛም ብዙው በገላባት በኩል ወደ መተማ ተመለሰ። ዘንድሮ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሁለት ነገር ወሰነ። እኔ በክብር ልረፍ፤ መዝገቡ ደግሞ እንዳይጠፋ በስልክ ፎቶ እየተነሣ ለተመለሱትም ላሉትም ይላክ፤ ከእንግዲህ «በዛሬው ቀን» የሚወጣው ከዚያ ይሁን። ሥራው ለጽዮን ተሰጠ። እንግዲህ ከእናቷ ቀጥሎ እሷ!

የሽኝቱ ቀን ጋቢ አለበሱኝ። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ሲናገር «ከኛ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ የልደት ቀን ያስጻፈልን አባታችን» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ከሴቶቹ መካከል የመጀመሪያዋን እልልታ ያቀለጠችው ስንዱ ናት። ቀና ብዬ አየኋት፤ ከልቧ ነበር። እኔ ያችን አንድ መስመር አሥራ ስምንት ዓመት ስነፍጋት፣ እሷ የእኔን ውሸት በእልልታ ተቀበለችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ጽዮን ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። ገጽ በገጽ እየገለጠች ታነሣለች። የኛን ፊደል ቀስ ብላ ነው የምታነብ፤ እዚሁ አድጋ ዓረብኛው ይቀድማታል። የየኔታን ቀይ ጽሑፍ አስቀድሜ አሳይቻት ስለነበር ሦስት ምስክር የሌለውን ታልፋለች። ኅዳር 21 ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ወላሂ! ይሄ የእማዬ ስም ነው። ይሄ ደግሞ የኔ!» አለች። ጣቷን ወደ ታች አወረደች። «አንድ፣ ሁለት... ሦስተኛው የለም፣ አባ ታከለ። ልለፈው?»

አላወቀችም። እናቷም ነግራት አታውቅም። ጣቷ ገጹን ሊገለብጥ ተነሥቶ ነበር።

«አትለፊው» አልኳት። «እሑድ ጽዮን ነው። እስከ እሑድ ተይው።»

ስትሄድ ብዕሬን አወጣሁ። በባዶው መስመር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሦስተኛ ምስክር፣ ታከለ። ምቀኛዋ። የተሳሳተውን ደብዳቤ የጻፈ። የኔታ ትክክል ነበሩ፤ እውነት ባይሆን ኖሮ እጄ አይጽፈውም ነበር።

እሑድ ማለዳ ጡረታዬን ጥሼ ሄድኩ። ጠመኔውን በምላጭ ቀረጽኩ፣ ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች ጠረግሁ። የሴትዮዋን ነገር እንደ ሁልጊዜው ጻፍኩ። ከግርጌው፣ ለኛ በተተወው ቦታ፣ የስንዱን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ሦስቱንም ምስክሮች፣ እንደ መዝገቡ ቃል በቃል። ወደ ኋላ ሄጄ ከኒሟ ባሻገር አየሁት። አንድ ሠራተኛ ጠርቼ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አደረግሁ። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ሊቀመንበሩ ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። ጋቢውን አላመጣሁትም ነበር።

ስንዱ ከቅዳሴ መጣች። ፊት ለፊት ቆመች።

«አያ ታከለ፣ ዛሬ ምን ተባለ?»

ከታች ጀመርኩላት። «በዛሬው ቀን ስንዱ፣ የሰሊጥ አበጣሪዋ፣ ልጇ ጽዮን በተወለደችበት በእውነተኛው ቀን የልደት ወረቀት ያስጻፈች ከኛ መካከል የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ቢሮው በር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣ አልነሣም ብላለች። ያየች ሐጃ ዘይነብ። የሚወድ ባሏ። የሚመቀኝ...»

«የሚመቀኝ ማን?»

«ታከለ።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ እየሳቀች ኖሯል።

«እሱንማ አውቀዋለሁ። የኔታ ነግረውኛል። 'ሦስተኛው ታከለ ነው፣ እስኪጽፍ ድረስ በየዓመቱ እየሄድሽ ጠይቂው' ብለውኛል። ስጠይቅህ ኖርኩ እንጂ!»

በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናሁ። ለእሷ ነግረዋት ለእኔ አልነገሩኝም። በእኔ የነበራቸውን ተስፋ እሷ ዘንድ ነው ያስቀመጡት።

ስንዱ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ሰሌዳው አናት አመለከተች።

«በል አሁን ደግሞ ያችን ሴትዮ አንብብልኝ። ዛሬም አልተነሣችም?»

«አልተነሣችም» አልኳት።

«ጎሽ» አለችና ከሰሌዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።